ወጥ ቤት የሌላት መርከብ

ሴፕቴምበር 14

አባዬ፣

ሰላምታዬ ከባልዲው ቀድሞ ይድረስህ። የፖስታ ጀልባዋ ዲትሮይት ላይ ከመርከባችሁ ጎን ስትጠጋ፣ ባልዲው በገመድ ወርዶ ሲሞላ፣ የኔ ደብዳቤ ከሩቅ እንዲታይህ ፖስታውን ቢጫ አድርጌዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አያቴም ደህና ናቸው፤ ማለቴ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ስልክ እንዳልደወልኩ ልብ በልልኝ። ሴት አያቴ ሄልሚ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ውሃ ላይ ላለ ሰው ስልክ የሚደወለው ለክፉ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በወረቀት» ያሉት ሕግ እስካሁን በቤታችን እንደጸና ነው።

ስለ ላፕቶፑ ጠይቀሃል። ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ይከብድ እንደሆነ፣ ለኮሌጅ ወደ ሃውተን ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ይገባ እንደሆነ። አይገባም። እውነቱን ልንገርህና ትቆጣለህ፤ ከመቆጣትህ በፊት ግን ቁጭ በል፣ የምትልጠውንም ድንች አስቀምጥ። ላፕቶፕ አልገዛሁም። በዚያው ገንዘብ ዴስክቶፕ ልሠራ ነው። ልገዛ አላልኩም፤ ልሠራ። ማዘርቦርዱ ትናንት መጣ። ግራፊክስ ካርዱን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ጁዲ ሸጠችልኝ፤ ልጇ ውትድርና ሲገባ አልጋው ሥር ጥሎት የሄደ ነው። የሸረሪት ድር ነበረበት፣ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። የቀረውን ከዚህም ከዚያም በርካሽ እየለቀምኩ ነው።

ለምን እንደሆነ አሁን አልነግርህም። ለራሴ እንዳልሆነ ብቻ እወቅልኝ።

አያቴን በተመለከተ፦ አዎ፣ አሁንም ፊታቸውን ወደ ወንዙ አድርገው ነው የሚውሉት። የዓይናቸው መሀሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረው፤ ሰው ሲያዩ እንደ ዶሮ አንገታቸውን ጠመም አድርገው ነው። መርከብ ሲያልፍ ድምፁን ሰምተው «ማን ናት?» ይላሉ። ስሟን አነብላቸዋለሁ። «እህ» ይላሉ፤ በቃ። የናንተ «ዊልበር ሃስኪን» ባለፈው ማክሰኞ ስታልፍ ከኋላ በኩል፣ በወጥ ቤትህ መስኮት፣ ነጭ ፎጣ ስታውለበልብ አይቼሃለሁ። ለሳቸውም ነገርኳቸው። ምን እንዳሉ ሌላ ጊዜ።

ለአክስቴ ካረን ስለ ዴስክቶፑ ትንፍሽ እንዳትል።

ልጅህ ሊኔያ


ሴፕቴምበር 27፣ ዱሉት ወደብ

ሊኒ ልጄ፣

ቢጫው ፖስታ ደርሶኛል። ያገኘሁት ከባልዲው ሥር ነው፤ የመካኒኩ የቲማቲም ዘር ካታሎግ ተጭኖበት ነበር። ድንቹንም እንዳልሽው አስቀምጬ ነው ያነበብኩት።

ተቆጣሁ። ሁለት ቀን ተቆጥቼ ምግቡን ሁሉ ጨው አበዛሁበት፤ መርከበኛው «ዴል፣ ዛሬ ምን ነካህ?» እስኪለኝ ድረስ። እስቲ ንገሪኝ፣ ላም ልገዛ ብሎ ገበያ ወጥቶ ቀንዷን ለብቻ፣ ጅራቷን ለብቻ፣ ጆሮዋን ለብቻ ገዝቶ የሚመለስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ባይገጥምስ? ጃንዋሪ ላይ ትምህርት ሲጀመር ያንን ሣጥን በጀርባሽ አዝለሽ ልትሄጂ ነው? ላፕቶፕ የሚሄድ ሰው ዕቃ ነው፤ ዴስክቶፕ የሚቀር ሰው ዕቃ ነው። አንቺ ደግሞ ትሄጃለሽ። እናትሽ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ነገር አስምላኛለች።

ካረን ያለችውን ሳትሰሚ አትቀሪም፤ እውነት ነው። እህቴ ሄዳ ሱ በምትባለው ከተማ ካለው የአረጋውያን ቤት ለአባባ አልጋ አስይዛለች፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ። ወንዝ ዳር ያለው ቤት ይሸጥ ባይ ናት። አንቺ ትሄጃለሽ፣ እኔ ውሃ ላይ ነኝ፣ እሳቸው ብቻቸውን ምድጃ ሊያነዱ ነው? እሺም እንቢም አላልኳትም። መርከቧ ለክረምት ስትቆም መልሴን እሰጥሻለሁ ብያታለሁ። ልጄ፣ ከወንበሩ የማይነሳ፣ አፉን የማይከፍት ሰው ወንዝ ዳር ተቀመጠ ከተማ ተቀመጠ ልዩነቱ ምንድን ነው? ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም። ልዩነት ካለው አሳዪኝ።

የመርከቧን ሰላምታ ደግሞ ላንሳ፦ ድሮ በቤታችን ፊት ስናልፍ ጥሩንባው ሦስት ረጅም ሁለት አጭር ይነፋ ነበር፤ አባባም በረንዳው ላይ ባለው የእጅ ጥሩንባ ይመልሱ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መመለሱን ተዉት። አዲሱ ካፒቴን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መልስ የማይሰጥን ቤት ማን ሰላም ይላል?

ትናንት ማለዳ በደጃችን ስናልፍ ጉም ነበር። የቤቱ ጣራ ብቻ ከጉሙ በላይ ይታያል። እኛ የቆምን፣ ቤቱ ደግሞ ቀስ እያለ ቁልቁል የሚጓዝ መሰለኝ። የሽንኩርት ቢላዬን እንደያዝኩ ዓይኔ እስኪያጣው አየሁት። ድንጋይ ብወረውር የሚደርስ ቤት ነው፤ ይህች ወረቀት ግን አገር ዞራ ነው የምትደርስሽ።

አባትሽ


ኦክቶበር 8

አባዬ፣

ጨው ያበዛህባቸውን ሰዎች በኔ ስም ይቅርታ ጠይቅልኝ። ስለ ላሟ የጻፍከውን ለአያቴ አነበብኩላቸው። «እውነቱን ነው» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ጆሮዋ ገጥሟል» አሉ። አዎ አባዬ፣ ገጥሟል። ሁሉም ገጥሟል።

ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ኦገስት ላይ ጁዲ ቤት ሄደን ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ነበር፤ አንዲት መርከብ በጠባብ ቦይ ስታልፍ ያሳያል። አያቴ ፊታቸውን ወደ ፍሪጁ አዙረው፣ በዓይናቸው ዳር እያዩ፣ «ወደ ቀኝ አበዛው፤ ድንጋዩን ሊነካ ነው» አሉ። ሳይጠየቁ ሲናገሩ ከሰማኋቸው ስንት ወር ሆኖኝ ነበር! ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መርከብ የመንዳት ጨዋታ ፈልጌ አገኘሁ፤ ሐይቆቹን በሙሉ፣ የኛን ወንዝ ሳይቀር፣ ከነመብራቱ ከነድልድዩ አድርገው የሠሩት ነው። ከባድ ጨዋታ ነው። በኔ አቅም የሚገዛ ላፕቶፕ አይሸከመውም፤ የሚሸከመው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስክሪኑም የመጽሐፍ ያህል ነው፤ መሀሉ ለጠፋበት ዓይን ምን ይሠራለታል? እየለቃቀሙ መሥራት ግን ይረክሳል፤ ጁዲ ከሰጠችን አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ ደግሞ ወንዙ ግድግዳ አከለ።

እሁድ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ወጥተን፣ ፀጉራችን ሳይደርቅ፣ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ብሎኖቹን ሴት አያቴ ዳቦ ይጋግሩበት በነበረው ቆርቆሮ ውስጥ አደረግሁ። አያቴ «እኔስ ምን ልያዝ?» አሉ። ባትሪ ያብሩልኝ ልል ነበር፤ አፈርኩ። ራሙን፣ የማሽኑን ማስታወሻ ቀጭን ሰሌዳ፣ ሰጠኋቸው። አባዬ፣ ዓይናቸው ባያይ እጃቸው ያያል! ጥርሶቹን ዳበሱ፣ መግቢያውን ዳበሱ፣ አገናኝተው ጫን አደረጉት። ጠቅ አለ። «ገባች» አሉ።

አዝራሩን ስጫነው ዝም። እንደገና፤ ዝም። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«ከኋላው ሌላ ማብሪያ የለውም?» አሉ።

ለካ አለው፤ ረስቼው ነው።

«ሞተር ሳይነሳ መሪ ማዞር ከማን ተማርሽ? ከአባትሽ ነው አይደል?»

ከዚያ ተነፈሰ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ማራገቢያዎቹ ቀስ ብለው ሲነሱ ቤቱ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሰው የተኛ ይመስላል። ግድግዳው ውሃ ሆነ። የጁዲ ልጅ ትቶት የሄደውን የመኪና ጨዋታ መሪ ጨብጠው ከዱሉት ወደብ ሲወጡ አገጫቸው ቀና አለ። ስለ ሰማዩ፣ ስለ ሞገዱ ምንም አላሉም። ብዙ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ወጥ ቤቱ የት ነው?»

«የለም አያቴ። አልሳሉትም።»

«ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ይበላሉ?»



ሊኔያ


ኦክቶበር 20

ሊኒ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ራም ያስገቡበትን ቦታ ሦስቴ። ቁጣዬን ትቻለሁ። የላሟንም ነገር መልሼ ወስጃለሁ።

ፎጣዬን ስነግራቸው ምን እንዳሉ እስካሁን አልነገርሽኝም። ተዪው። አባባ ካፒቴን ነበሩ። እኔንም መሪ ሊያስይዙኝ ነበር፤ ጢሜ ሳይበቅል ከመሪው ክፍል ወጥቼ ወጥ ቤት ስገባ፣ «ከላይ ቤት ታች ቤት ወረደልኝ» ብለው ለወደቡ ሁሉ አወሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ ያበሰልኩትንም ቤት ስመጣ ዝም ብለው ይበላሉ። ስለዚህ ስለ ፎጣው የተናገሩት ክፉ ከሆነ አትንገሪኝ። ደግ ከሆነም አትንገሪኝ፤ አለመድኩትም።

ሰሞኑን እንደገና ጉም ወርዶ መልሕቅ ጥለን ቆመን ነበር። ጉም ሲወርድ መርከብ ላይ ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሾርባዬ ሲንተከተክ ብቻ ይሰማ ነበር። እኔም አባባ በዚያች ሰዓት በዚያው ውሃ ላይ፣ ጉም በሌለበት፣ እየነዱ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ደስ አለኝ፤ ከኛ የቀደሙን መሰለኝ።

በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ረፋድ ላይ ከዱሉት እንነሳለን። ከፈለጉ ንገሪያቸው፤ አብረን እንነሳ።

አባትሽ


ኖቬምበር 3

አባዬ፣

አብረን ተነሳን!

ረቡዕ አያቴ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ያንን ወፍራም ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው ጠበቁ። ቁርስ ቀርቦላቸው «ካፒቴን ሳይነሳ አይበላም» አሉ፤ ወደቡን ከወጡ በኋላ ግን ሦስት እንቁላል በሉ። ጎታች ጀልባ መንገድ ሲዘጋባቸው ይሳደባሉ። ስድቡን አልጽፍልህም፤ የተወሰነው በፊንላንድኛ ነው፣ ሴት አያቴ ቢሰሙ በሳሙና አፋቸውን ያጥቧቸው ነበር። ሰው ተለውጧል አባዬ። ሰው ተመልሷል ልበልህ።

አንድ ነገር ግን አለ። በማግሥቱ ወደ ቤታችን ስንቀርብ ቤታችን የለም። የሠሩት ሰዎች ወንዙን እንጂ እኛን አያውቁንም።

«አያቴ፣ ቤታችን ያለበት ቦታ ደርሰናል፤ ግን አልሳሉትም።»

«ምን አለበት?»

«ዛፍ ነው። ጥድ።»

ከፋቸው ብዬ ፈራሁ። «ጥሩ ነው፤ አባቴ ጥዱን ሳይቆርጠው በፊት ደርሻለሁ ማለት ነው» አሉና ፍጥነት ቀነሱ። ለጥዱ! ያኔ ነው ያንተዋ መርከብ በመስኮቱ የመጣችው። በግድግዳው የሳቸው፣ በመስኮቱ ያንተ፣ ሁለቱም ቁልቁል፣ ሁለቱም ቀስ እያሉ፤ እኔ መሀል ላይ ቁራሽ ዳቦ ይዤ ቆሜአለሁ። የቱ እውነት እንደሆነ ለቅጽበት ጠፋኝ። ፎጣህ ባይታየኝ ኖሮ እስካሁን አልለየውም ነበር።

አክስቴ ካረን መጣች፤ አየች። በሩ ላይ ቆማ ብዙ ካየች በኋላ፣ «ከሣጥን ጋር ያወራሉ» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። ክፉ አይደለችም። ከሥራ በኋላ ያንን ሁሉ መንገድ ነድታ ነው የምትመጣው፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ዕቃ ታጥባለች። የሣጥኑን ነገር ግን ከኔ አፍ መስማት ነበረባት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

በረዶ ጀምሯል። ጓንትህን አትርሳ።

ሊኔያ


ኖቬምበር 15፣ መልሕቅ ላይ

ሊኒ፣

በንፋስ ምክንያት ከባሕረ ሰላጤ ተጠግተን ቆመናል፤ መቼ እንደምንነሳ አይታወቅም። ሳህኖቼን በእርጥብ ጨርቅ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ እንዳይንሸራተቱ።

«አብረን ተነሳን» ያልሽው ደርሶኛል፤ ከሱ ቀጥሎ የላክሽው ግን አልደረሰኝም። ባልዲው ሲወጣ ከመርከቧ ጎን ተጋጭቶ ተገለበጠ። ቢጫ ፖስታሽ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ፣ ወደ ኢሪ ሐይቅ ሲሄድ፣ ቆሜ አየሁት። ከካረን የመጣው ግን ባልዲው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ዕድሌን ተመልከቺ።

ካረን የጻፈችውን አንብቤዋለሁ። አባባ ማሽኑን አፍነው ቤቱን ሊያቃጥሉት እንደነበር፣ እሷ ባትኖር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር። «አእምሯቸው ሄዷል ዴል፤ ፈርምልኝ» ትላለች። ወረቀቱንም አብራ ልካዋለች። እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ቃል የሰጠሁት መርከቧ ስትቆም ነው ብዬ ተውኩት። ግን ልቤ ወርዷል። ምን ሆኑ? ካንቺ ልስማው። አታሳምሪልኝ።

አባትሽ


ኖቬምበር 21

አባዬ፣

መጀመሪያ ይቅርታ። ውሃ የወሰደው ደብዳቤ ውስጥ ይህ ነገር አልነበረም፤ ስለ ዳቦና ስለ በረዶ ነበር የጻፍኩት። ስለዚህ ያመለጠህ እውነት የለም። እውነቱን ያኔ ልጽፈው ድፍረት አጣሁ።

እኔ ሱቅ ሄጄ አክስቴ ካረን አብራቸው ነበረች፤ ጓዳ ገብታ ልብስ ታጥፋለች። እሳቸው መሣሪያ ማስቀመጫውን በዳበሳ ከፍተው ያንን ሰፊ ማሸጊያ ፕላስተር አወጡ። ከዚያ የዴስክቶፑን ቀዳዳ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ አሸጉት። የፊቱን፣ የኋላውን፣ የላዩን። ሥሩንም በፎጣ ወተፉት። እንዴት አድርገው እንዳሸጉት ብታይ፤ አንድ መጨማደድ የለበትም። ከዚያ ተቀምጠው መንዳት ጀመሩ። ሱፒሪየር ሐይቅ መሀል ላይ ግድግዳው ድርግም አለ። የጋለ አቧራ ሸተተ። አክስቴ ካረን ሮጣ ገመዱን ነቀለች፤ እጇ ተቃጠለ፣ ትንሽ ነው።

እኔ ስገባ ወንበራቸው ላይ ተመልሰዋል። ፊታቸው ወደ ወንዙ።

«አያቴ፣ ምነው? ምን አስበው ነው?»

«ኖቬምበር ነው» አሉኝ።

ሌላ ምንም። ስንት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ኖቬምበር ነው። አክስቴ ካረን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። «ዛሬ ማሽን ያፈነ ሰው ነገ ምድጃ ያፍናል» አለችኝ።

ፕላስተሩን ላጥኩ። አይነሳም። ስልኩን አንስቼ ቁጥርህን ልመታ ነበር፤ ከዚያ አንተ የዚያን ስልክ ድምፅ ስትሰማ ምን እንደምትሆን አሰብኩና አስቀመጥኩት። አባዬ፣ ምናልባት አክስቴ ካረን ልክ ናት። ከሳቸው ጋር ደስ ስላለኝ ማየት ያለብኝን አላየሁም ይሆናል። እንቁላል እንደገና ትተዋል። ብትፈርምላትም አልፈርድብህም።

ሊኔያ


ኖቬምበር 29

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሽንኩርት እየከተፍኩ ስላነበብኩት ያለቀስኩትን ማንም አላወቀብኝም። የሳቅሁትን ግን ሁሉም ሰምቷል።

አሁን ስሚኝ። ዛሬ ጠዋት ምክትል ካፒቴናችን ወጥ ቤቴ ገባ፤ የአየር መውጫዬን በሸራ ሸፈነ፣ በገመድ ጠፈረ፣ ቁርስ እየጠበስኩ ጢሱን አፌ ውስጥ ጥሎብኝ ሄደ። አእምሮው ሄዷል ያለ የለም። ለምን ብዬም አልጠየቅሁትም። ኖቬምበር ነው! በነዚህ ሐይቆች ላይ ኖቬምበር ሲገባ ቀዳዳ የተባለ ሁሉ ይታሸጋል፤ የጭነቱ ክዳን፣ በሩ፣ መስኮቱ። ማዕበሉ የሚገባው ባልተዘጋው በኩል ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ የቤታችንን የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ በሰም ይደፍኑት ነበር። አንቺ ስትወለጂ ጡረታ ወጥተዋልና አላየሽም። ካረን ደግሞ ያን ጊዜ ከተማ ነበር የምትማረው።

ግድግዳው ላይ የሱፒሪየርን ሞገድ አይተው መርከባቸውን ለማዕበል አዘጋጁ። ያውም አንድ መጨማደድ ሳይኖርበት! ይህ አእምሮው የሄደበት ሰው ሥራ አይደለም። አእምሮው የተሟላ መርከበኛ ሥራ ነው፤ የተሳሳቱት ምን ዓይነት መርከብ እንደሆነች ማንም ስላልነገራቸው ነው።

ስለዚህ እንዲህ በያቸው፦ «ይህች ሣጥን የጭነት ክፍል አይደለችም፤ የሞተር ክፍል ናት።» በቃ። የሞተር ክፍል አየር በኖቬምበርም እንደማይዘጋ ከሳቸው የሚያስተምራቸው የለም። ስለ ማሽኑ ደግሞ መካኒካችንን አማከርኩት። «ሞተር ሲግል ራሱን የሚያጠፋው ሊሞት ሳይሆን ላለመሞት ነው» አለኝ። ነቅለሽ ይቆይ፤ ሁሉንም ገመድ አውጥተሽ እንደ አዲስ ሰኪው።

ለካረንም ይህንኑ ጽፌላታለሁ። እጇን ቅባት ቀቢያት፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። የአእምሮው ነገር አበቃ። ግን አንድ ጥያቄዋ አሁንም አለ፤ አንቺ ስትሄጂ ማን አብሯቸው ይሆናል?

ካፒቴኑን ስለ ሰላምታው አነሳሁበት። «ቤቱ ይመልሳል?» አለኝ። ምን ልበለው?

አባትሽ


ዲሴምበር 13

አባዬ፣

ተነሳ! ነቅዬ፣ አሳድሬ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ስሰካው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነፈሰ።

የነገርከኝን ቃል በቃል አልኳቸው። አንገታቸውን ጠመም አድርገው አዩኝ። «የሞተር ክፍል?» አሉ። «ታዲያ አፍ የለሽም? ያኔውኑ አትይኝም ነበር?» ተቆጡኝ አባዬ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ዳብሰው እያንዳንዱን ቀዳዳ በእጃቸው ቆጠሩ፤ ትንፋሹ መዳፋቸው ላይ ሲመጣ «ሞቃት ነው» አሉ። አክስቴ ካረን ስትመጣ በሩ ድረስ በግድግዳው ተደግፈው ሄደው፣ «አስደነገጥኩሽ ልጄ» አሏት። እጇን ይዘው ቆዩ። እሷም ፀጉራቸውን አበጠረችላቸው። ስለ አልጋው ያን ቀን አላነሳችም።

ቤቱ ይመልሳል በለው።

የበረንዳው ጥሩንባ ዝጎ ተጣብቋል፤ ያ እንዳያሳስብህ። ካፒቴናችን ሌላ ሐሳብ አላቸው፤ ግድግዳው ላይ ያለችው መርከባቸውም ጥሩንባ አላት። ከጁዲ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተውሰናል፤ ከፍሪጅ አያንሱም። መስኮቱንም ልንከፍት ነው፤ በዚህ ብርድ! የምታልፉበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ።

ሊኔያ


ጃንዋሪ 2፣ ስተርጅን ቤይ

ሊኒ፣

መርከቧ ቆማለች። ሞተሩ ጠፍቶ ጆሮዬ ጭው ይላል። ምድጃዬን ፈግፍጌ እስክጨርስ እዚህ ነኝ።

የቤቱ መልስ መርከቧ ላይ እንዴት እንደተሰማ ጠይቀሻል። ልንገርሽ።

በረዶው እንደ ዱቄት ነበር የሚወርደው፤ ዳርቻው አይታይም። ካፒቴኑ ወደ መሪው ክፍል አስጠራኝ። ከወጣትነቴ ወዲህ እግሬ ረግጦት አያውቅም፤ ሽርጤን እንደለበስኩ ወጣሁ። «ቤትህ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። በጣቴ ነጩን አሳየሁት። ነፋ። ሦስት ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ዝም።

መሪ የያዘው ልጅ ወደኔ ላለማየት ወደ ኮምፓሱ አጎነበሰ። እኔም እግሬን አየሁ።

ከዚያ ከበረዶው ውስጥ መጣ። ሦስት ረጅም፣ ሁለት አጭር፤ የድሮ የእንፋሎት መርከብ ድምፅ፣ ወፍራም፣ መስታወቱን የሚያነዝር። ካፒቴኑ ዘሎ ራዳሩ ላይ ተደፋ። «ማን ናት? ማን ናት ይህች? ራዳር ላይ የለችም!» አለ።

«አባቴ፣ ካፒቴን ኡርሆ ኒስካነን ናቸው፤ ቁልቁል እየወረዱ ነው» አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ።

አሁን የከበደኝን ልንገርሽ። ሱ ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ይፈልጋል። ውሃውን ትቼ ቤት ልገባ እችላለሁ፤ ቤቱም አይሸጥም። የካረን ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ነው። ግን እኔና አባባ ይህን ሁሉ ዘመን የተነጋገርነው ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው። አንቺ ስትሄጂ አንድ ጣራ ሥር ሁለት ዝምተኛ ከሆንን የአረጋውያን ቤቱ ይሻላቸዋል፤ እዚያ ቢያንስ የሚያወራቸው ያገኛሉ። እኔን ይፈልጉኛል? ጠይቂያቸው። ያሉትን እንዳሉት ጻፊልኝ።

የፎጣውንም ነገር አሁን ንገሪኝ። ልስማው።

አባትሽ


ጃንዋሪ 8

አባዬ፣

ቦርሳዬ ተዘጋጅቷል። ላፕቶፕ ስለሌለበት ቀላል ነው፤ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማሽን ሞልቷል፤ ስለኔ አታስብ። የሚሄድ ሰው ዕቃ አልያዝኩም እንጂ እሄዳለሁ።

ፎጣህን የነገርኳቸው ቀን፣ «ንጹሕ ነው?» አሉኝ። «ነጭ ነው አያቴ፣ እንደ ወተት» አልኳቸው። «እንግዲያው ወጥ ቤቱም ንጹሕ ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ ቆይተው፣ ለኔ ሳይሆን ለወንዙ፣ «የሱ መርከብ ሰው ጠግቦ ነው የሚያድረው» አሉ። ደግ ነገር አለመድኩም ስላልከኝ ነው ያቆየሁት። ይቅር በለኝ፤ ማቆየት አልነበረብኝም።

ጥያቄህን እንደጻፍከው አነበብኩላቸው። አልመለሱልኝም። ወፍራም ማርከርና ወረቀት አምጪ አሉኝ። አንገታቸውን ጠመም አድርገው፣ ፊደሉን የበር እጀታ እያሳከሉ፣ ምሳ እስኪደርስ ጻፉት። መስመሩ ቁልቁል ወርዷል፤ አላስተካከልኩትም። ይኸው፦

ዴል፣

ዱሉት ደርሰን ተመልሰናል። መሪው ደህና ነው። ሞተሩ ደህና ነው፤ ቀዳዳው ክፍት ነው። ልጅቷ ልትወርድ ነው። ይህች መርከብ ወጥ ቤት የላትም።

ርቦኛል። ና።

አባትህ